ባቡር፣ ሐይቅና የጎበሳ መንገደኛ

የምድር ባቡራችን ታሪክ በአብዛኛው የወደብና የጭነት ታሪክ ሆኖ ተጽፏል። እኔ ዛሬ የደርሶ መልስ መንገደኛውን ላስቀድም። ሐዲዱ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ፣ 45 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ቢሾፍቱ ለከተሜው ቀረበች፤ ጧት ተሳፍሮ፣ ሐይቅ ዳር ውሎ፣ ማታ በቤቱ ማደር የሚታሰብ ሆነ። የሆራ ሐይቅ ግን ከሐዲዱም በፊት ጭር ያለ አልነበረም፤ ኢሬቻ አክባሪው በእግሩም በፈረሱም ይመጣበት ነበር።

ከጎበሳ ለሚነሣ የአርሲ ሰው ደግሞ ሐዲዱ ራሱ ሩቅ ነበር። መስመሩ ወደ ደጋው አልወጣምና፣ በአሰላ በኩል እስከ አዳማ መውረድ ነበረበት። ባቡሩ ርቀትን ለሁሉም እኩል አላሳጠረም። ስለዚህ የመጓጓዣ ታሪክ ስንጽፍ፣ ሐዲዱ የት ደረሰ ከማለት አልፈን፣ መንገደኛው ያን ሌሊት የት አደረ ብለን እንጠይቅ።