ካሽ ወይስ ጓዳ?
በመንዟ መሐል ሜዳ ከተማ አንድ የኮምፒውተር ባለሙያ «ካሹን አጥፋው» ሲል ሒሳብ ሹሙ ቢደነግጥ አይፈረድበትም፤ ካሽ ለእኛ ጥሬ ገንዘብ ነዋ። የባለሙያው ካሽ ግን ሌላ ነው። «መደበቅ» ከሚል የፈረንሳይኛ ግስ ወጥቶ ለስንቅ መደበቂያ ሲያገለግል ኖሮ፣ አይቢኤም በ1968 እ.ኤ.አ. ካስተዋወቀው ሲስተም/360 ሞዴል 85 ጋር የፈጣን ማኅደረ ትውስታ መጠሪያ ሆነ። አንዳንዶች «መሸጎጫ» ይሉታል። ለሥርወ ቃሉ ይቀርባል፤ ሥራውን ግን አይነግረንም። እኔ «ጓዳ» እላለሁ። የመንዝ ሰው ገብሱን በጎተራ፣ የዕለቱን ዱቄት በጓዳ ያኖራል፤ ጓዳ ስውርም ነው፣ ቅርብም ነው። በምናባዊ ሰርቨር ደግሞ ጓዳው ብዙ ነው፦ በውስጡ በሚሠራው እንግዳ ሲስተም፣ እሱን በሚያስተናግደው ማሽን፣ በዲስክ መቆጣጠሪያው። ጣጣውም እዚህ ላይ ነው። አንዱ ጓዳ «ተጽፏል» ብሎ ሲመልስ ዳታው ገና ዲስክ ላይ አልደረሰም ይሆናል፤ መብራት ድርግም ካለና መጠባበቂያ ባትሪ ከሌለ ያ ዳታ የለም። ስለዚህ ፋይል ሲበላሽ «ካሹ ነው» አይበቃም፣ የትኛው ጓዳ? ካሽን ለገንዘብ ቤት እንተውለት።