የኤሊ "የክረምት እንቅልፍ" መቱ ላይ አይሰራም፦ ቤታችሁ ኤሊ ካለ ሰኔ ሳይገባ አንብቡት

ዩቲዩብና ቲክቶክ ላይ ኤሊን ካርቶን ውስጥ፣ አንዳንዴም ፍሪጅ ውስጥ አስገብተው ለወራት የሚያስተኙ ሰዎች ቪዲዮ ሞልቷል። ወደ አማርኛ ሲተረጎም "ኤሊዎን ለክረምት እንቅልፍ ያዘጋጁ" ይሆናል። እኛ ጋ ደግሞ ክረምት ማለት ሰኔ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴ ነው። መቱ ወይም ጎሬ ያለ ሰው ይህን አይቶ ሰኔ ላይ ኤሊውን ካርቶን ውስጥ ቢዘጋበት፣ መስከረም ላይ ሲከፍተው የሞተ ኤሊ ነው የሚያገኘው።

ስህተቱ ሁለት ነው። ቪዲዮው ላይ ያለው ክረምት የኛ ክረምት አይደለም። ኤሊውም የኛ አገር ኤሊ አይደለም።

ቪዲዮዎቹ ላይ ከሚታዩት አንዱ የአሜሪካ የበረሃ ኤሊ ነው። አገሩ ካሊፎርኒያ፣ ኔቫዳና አሪዞና ያሉት የሞሃቬና የሶኖራ በረሃዎች ናቸው። በጋቸው ከ40 ዲግሪ በላይ ይሞቃል፣ በክረምታቸው ሌሊት ደግሞ ውሃ ሊበርድ ሲል ሳይሆን በረዶ እስኪሆን ይቀዘቅዛል። ኤሊው ከሁለቱም የሚያመልጠው ጉድጓድ ቆፍሮ ነው፤ አብዛኛውን ዕድሜውን መሬት ስር ነው የሚያሳልፈው። ከጥቅምት መጨረሻ አካባቢ እስከ የካቲት ወይም መጋቢት ድረስ ይተኛል። ልብ በሉ፣ እነዚህ ወራት እኛ ጋ በጋ ናቸው።

እዚያ ኤሊ የሚያሳድጉ ሰዎች መጀመሪያ ለሐኪም ያሳዩታል። የታመመ ወይም የከሳ ኤሊ አይተኛም። ከዚያ ለሁለትና ሦስት ሳምንት ምግብ ይከለክሉታል፣ ውሃ ግን ይሰጡታል። ምክንያቱም ሰውነቱ ሲቀዘቅዝ ምግብ መፍጨት ያቆማል፤ ሆዱ ውስጥ የቀረው ምግብ እዚያው ይበሰብሳል። በመጨረሻ ደረቅ ሳጥን ውስጥ፣ ከ4 እስከ 10 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ይቀመጣል። በዚህ ሙቀት ሰውነቱ ሥራውን ሊያቆም ጥቂት ነው የሚቀረው፣ ስለዚህ ያከማቸውን ስብ ቆጥቦ ወራቱን ይዘልቃል።

አሁን ወደ መቱ እንምጣ። ከተማው ከባህር ወለል በላይ 1600 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ ጎሬ ደግሞ 2000 ሜትር አካባቢ። ኢሉባቦር አገራችን ውስጥ ብዙ ዝናብ ከሚያገኙ ቦታዎች አንዱ ነው፤ ዝናቡ በሚያዝያና በግንቦት ጀምሮ እስከ ጥቅምት ሊዘልቅ ይችላል። አየሩ ይቀዘቅዛል፣ ግን ፍሪጅ አይሆንም። ኤሊው ለመተኛት ይሞቀዋል፣ ምግብ ለመፍጨት ደግሞ ይበርደዋል። ሳይበላ፣ ሳይተኛ፣ ስቡን እየጨረሰ ይከሳል። ላይ ላዩን ሲታይ ግን ዝም ብሎ የተኛ ይመስላል። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው።

የኛ አገር የየብስ ኤሊዎች (በአፋን ኦሮሞ ቆጫ የምንለው) ጨርሶ የዚህ ዓይነት እንቅልፍ የላቸውም። ሰው ግቢ ውስጥ የሚታየው ብዙ ጊዜ ቢጫማ ድንጋዩ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያለው ነብርማ ኤሊ ነው። ሌላው ወጥ የአሸዋ ቀለም ያለውና የኋላ ጭኑ ላይ ሾጣጣ እሾህ የሚመስል ነገር ያበቀለው ትልቁ የሳህል ኤሊ ነው። ይሄኛው ሲያድግ ከ50 ኪሎ ሊያልፍ ይችላል። ጉድጓድ ይቆፍራል፣ ግን የሚሸሸው ከሙቀትና ከድርቀት ነው። ሁለቱም የቆላ ልጆች ናቸው። ዓመቱን ሙሉ ይበላሉ፣ ፀሐይ ይሞቃሉ። ስለዚህ ለመቱ ክረምት ዝግጅት ማለት ኤሊውን ማስተኛት አይደለም፤ ደረቅ፣ ሞቃትና የሚበላ አድርጎ ማቆየት ነው።

ከሁሉም ዋናው ድርቀት ነው። ቅዝቃዜ ብቻውን ሊቻል ይችላል። ቅዝቃዜና እርጥበት አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ሳንባውን ይይዙታል። ማደሪያው ከመሬት ከፍ ያለ የእንጨት ሳጥን ይሁን፣ ወለሉ ላይ ደረቅ ጭድ ወይም ድርቆሽ ይነጠፍ። ጭዱ ሲረጥብ በዚያው ቀን ይቀየር። ከቆርቆሮው የሚንጠባጠብ ውሃ የማይደርስበት፣ ነፋስ ፊት ለፊት የማይመታው ጥግ ፈልጉ።

ሙቀት ለመስጠት ከአንድ ጎን አምፖል ይሰቀላል፣ ኤሊው ሲበቃው ወደ ሌላው ጎን እንዲሸሽ። አሁን ሱቅ የሚሸጠው ኤልኢዲ አምፖል ብርሃን እንጂ ሙቀት የለውም፤ የሚያስፈልገው የድሮው፣ እጅ የሚያቃጥለው ዓይነት ነው። ከአምፖሉ ስር 30 ዲግሪ ትንሽ አለፍ ቢል፣ ሌሊት ደግሞ ከ15 በታች ባይወርድ ጥሩ ነው። መብራት ሲጠፋ (ይጠፋልና) ሙቅ ውሃ ትንሽ ጀሪካን ውስጥ ሞልቶ በጨርቅ ጠቅልሎ ከጎኑ ማስቀመጥ ይቻላል። በሃይላንድ ፕላስቲክ አትሞክሩት፣ በሙቅ ውሃ ይጨማደዳል። ከሰል ደግሞ ዝግ ክፍል ውስጥ ፈጽሞ አታስገቡ፤ ጭሱ ለኤሊው ብቻ ሳይሆን ለእናንተም ገዳይ ነው።

ፀሐይ ብቅ ባለች ቁጥር ወደ ውጭ አውጡት፣ ግማሽ ሰዓትም ብትሆን። ድንጋዩ እንዲጠነክር የሚያስፈልገው ጨረር በመስኮት መስታወት አያልፍም። ደመናው ሲመለስ ግን ወዲያው አስገቡት።

ምግቡ ሣር ነው። ሰርዶ፣ ድርቆሽ፣ የዱር ቅጠላ ቅጠል። እንጀራ፣ ዳቦ፣ ወጥ አይሰጥም። ማንጎና ሙዝ ለመቅመስ ያህል ብቻ፣ ስኳሩ ሆዱን ያበላሻል። ጎመን የዕለት ምግብ አይሁን። አቮካዶ ኢሉባቦር ውስጥ የትም አለ፣ ለኤሊ ግን ይቅር። እሾሁ የተነሳ የበለስ ቅጠል በጣም ይወዳሉ። እዚህ ጋ ጥንቃቄ፦ ሲቆረጥ ነጭ ወተት የሚያፈሰው ቁልቋል ሌላ ተክል ነው፣ ወተቱ መርዝ ነው። ለካልሲየም የእንቁላል ቅርፊት አድርቆና ፈጭቶ ምግቡ ላይ መነስነስ በቂ ነው።

በሳምንት ሁለት ቀን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ለ15 ደቂቃ አስቀምጡት፤ ውሃው ከአገጩ አይለፍ። እዚያው ይጠጣል፣ እዚያው ይጸዳዳል። ሲወጣ በጨርቅ በደንብ ይደረቅ። በየሳምንቱም በሱቅ ሚዛን መዝናችሁ ስልካችሁ ላይ ጻፉ። ክብደቱ አንድ አስረኛ ከቀነሰ ዝም ብላችሁ አትጠብቁ።

አፍንጫው ላይ አረፋ፣ አፍ ከፍቶ መተንፈስ፣ የሚያፏጭ ድምፅ፣ ያበጠ ዓይን ካያችሁ ሳንባው ተይዟል ማለት ሊሆን ይችላል። ኤሊ እንደ እኛ ድያፍራም የለውም፣ አክታውን በሳል ማውጣት ይከብደዋል፤ በሽታው ሳይታወቅ የሚከፋው ለዚህ ነው። ሙቀቱን ጨምሩና ወደ እንስሳት ጤና ክሊኒክ ውሰዱት።

ክሊኒክ ስትሄዱ አንድ ቃል አትርሱ፦ አይቨርሜክቲን። ለከብትና ለበግ በየቦታው የሚሰጠው የተለመደው የጥገኛ ተባይ መድኃኒት ነው። ኤሊን ግን ሽባ ያደርጋል፣ ይገድላልም፤ ነብርማ ኤሊ ላይ በተለይ ይከፋል። ባለሙያው ከብት እንጂ ኤሊ አክሞ ላያውቅ ስለሚችል፣ መርፌው ከመወጋቱ በፊት "አይቨርሜክቲን ነው ወይ?" ብላችሁ በትህትና ጠይቁ። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ብትይዙ ይህን ያዙ።

ኤሊ የነኩ ልጆች እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ፤ ጤነኛ የሚመስል ኤሊም ሳልሞኔላ ይዞ ሊሆን ይችላል። የሚነከርበት ሳፋም ለልብስም ለዕቃም አይደገም።

አሁን ብዙዎች መስማት የማይፈልጉት። ኤሊ የዱር እንስሳ ነው፣ በአዋጅ ቁጥር 541/1999 መሠረት ያለ ፈቃድ መያዝ እስከ እስራት ያስቀጣል። ዝርያዎቹ በዓለም አቀፉ የሳይተስ ስምምነትም ንግዳቸው ቁጥጥር ያለበት ነው። ስለዚህ ከቆላ ይዞ ለሚመጣ ሻጭ ብር አትስጡ፤ አንዱ ሲሸጥ ሌላው ይለቀማል። ቤታችሁ ቀድሞ ካለ ግን "እንግዲያው ልልቀቀው" ብላችሁ ያዮ ጫካ አትውሰዱት። እርጥቡ የቡና ጫካ ለቆላ ኤሊ ቤቱ አይደለም፣ በሽታም ይዞ ሊገባ ይችላል። የሚነገረው ለኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለስልጣን ወይም ለወረዳችሁ የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ ነው። ሆለታ አቅራቢያ ቦርን ፍሪ የሚያስተዳድረው እንስሳ ኮቴ የሚባለው ማዕከልም ከሰው እጅ የተወሰዱ የዱር እንስሳትን፣ ኤሊዎችንም ጨምሮ፣ ይንከባከባል። መልስ እስኪመጣ ድረስ ኤሊው ሳጥኑ ውስጥ፣ ደረቅ ጭድ ላይ ይቆይ።