ድልዳል፣ ጣውላ፣ ላሜራ

የሲራራ ነጋዴ ከጓዙ ሁሉ አስቀድሞ የሚመረምረው የበቅሎውን ጀርባ ነበር። ከጭነቱ ሥር ኮርቻ፣ ከኮርቻው ሥር ድልዳል ይነጠፋል። አሞሌውም ሆነ ቡናው ለግራና ለቀኝ እኩል ካልተከፈለ ኮርቻው ይዞራል፣ ቆዳ ይላጣል፣ በቅሎዋም ገጣባ ትሆናለች። ገጣባ በቅሎ ቁስሏ እስኪሽር ትበላለች እንጂ አትጭንም። ቅፍለቱ ማለዳ ተጭኖ ይነሣና ፀሐዩ ሲበረታ ይሰፍራል፤ ጭነቱ በየቀኑ ይወርዳል፣ በነጋታው እንደገና ይነሣል። ከሐረር አዲስ አበባ ለመግባት ሳምንታት ይወስድ ስለነበር ድልዳል ማሰናዳትና ጭነት ማመጣጠን የንግዱ ግማሽ ሙያ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይህ ሁሉ ጭነት የሚራገፈው አራዳ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ በነበረው ትልቅ ገበያ ነበር። የመጀመሪያዋ አውቶሞቢል በ1900 ዓ.ም. ለዳግማዊ ምኒልክ ብትመጣም የነጋዴውን ሸክም አላቃለለችም። ባቡሩ እንኳ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ የጅቡቲን ዕቃ ለገሃር ድረስ አደረሰ እንጂ፣ ከለገሃር ወደ አራዳ ያለው ዳገት በአብዛኛው የሚወጣው ያው በእንስሳና በሰው ጀርባ ነበር።

ዛሬ መርካቶ የምንለው ገበያ የተቆረቆረው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በዘለቀው የጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። ወራሪው ነጭንና ጥቁርን ለመለየት ሲል የአገሬውን ገበያ ከአራዳ አንሥቶ ወደ ምዕራብ፣ ወደ አዲስ ከተማ ገፋው። በእነዚያው ዓመታት ከአሥመራ በደሴ በኩል፣ ከአዲስ አበባም ወደ ጅማ የተዘረጉት መንገዶች የጭነት መኪናን ወደ መሀል አገር አስገቡ። ከነፃነት በኋላ፣ በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ሲቋቋም፣ መኪናው የበቅሎዋን ቦታ መውሰዱ የሚያጠራጥር አልነበረም።

ያ ዘመን በብዙ ሰው ትዝታ የሚኖረው በፊያት ኤንትሬ የጭነት መኪና ነው። ኤንትሬ ከነተሳቢው የአሰብን ዕቃ ጭኖ ዳገቱን እያጉረመረመ ሲወጣ፣ ከኋላ የሚቀመጠው ረዳት ሥራው ሁለት ነበር፤ መኪናው በቆመ ቁጥር ታኮ ማስገባትና ጭነቱ የሚያርፍበትን ካሶኒ መጠበቅ።

ካሶኒ እንደ ጀርባ ይቆስላል። ወለሉ ጣውላ ከሆነ ርጥበት ያበሰብሰዋል፣ የሚጎተት ፌሮ ይልጠዋል፣ በጠርዙ የሚያርፍ በርሜል ይሰነጥቀዋል፤ ጨው የጫነ መኪና ሳይታጠብ ካደረ ደግሞ ዝገት ምስማሩን ይበላዋል። የጣውላ በጎነቱ የተጎዳውን ብቻ ነቅሎ ሌላ መተካት መቻሉ ነው። ከላዩ ላሜራ ሲነጠፍበት ከመላጥ ይድናል፣ ጆንያም ያለ ብዙ ትግል ተገፍቶ እስከ ዳር ይደርሳል። ነገር ግን ላሜራ ዝናብ ሲነካው ሰው ይጥላል፤ ከሥሩ የገባው ውኃም መውጫ ካልተበጀለት ከላይ ሳይታይ ጣውላውንና ብረቱን ይጨርሳል። ለዚህ ነው ልምድ ያለው በያጅ ላሜራውን ዳር እስከ ዳር ከመድፈኑ በፊት የውኃውን መውጫ የሚያስበው።

መድኃኒቱ ብዙ ጊዜ የሚገኘው እዚያው መርካቶ ውስጥ ነው። ምናለሽ ተራ የተጣለ ብረት፣ በርሜልና ጎማ ተቆርጦና ተቀጥቅጦ ሌላ ዕቃ የሚሆንበት ሰፈር ነው። ተዘርግቶ የተስተካከለ በርሜል ለመጠገኛ ላሜራ ይሆናል፤ አሮጌ ጎማም ሙሉውን መሬት ላይ ተጋድሞ በርሜል ለማውረድ ያገለግላል። 200 ሊትር ዘይት የሞላ በርሜል ከ180 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ሰው አቅፎ አያወርደውም። ከካሶኒው ጠርዝ ተገፍቶ ጎማው ላይ ሲወድቅ ግን ጎማው ይቀበለዋል፣ በርሜሉም ሳይጣመም ጎኑን ይዞ ይንከባለላል። ለመጫን ደግሞ ሁለት ወፍራም ጣውላ ከመሬት እስከ ካሶኒው ይጋደማል። የገመድ አንድ ጫፍ ካሶኒው ላይ ታስሮ፣ በበርሜሉ ሥር ዞሮ፣ ሌላው ጫፍ ከላይ ሲሳብ የሚያስፈልገው ጉልበት በግማሽ ይቀንሳል።

ለበቅሎዋ ድልዳል፣ ለካሶኒው ላሜራ፣ ለበርሜሉ ጎማ ተገኘ። ጫኝና አውራጁስ? እህል በረንዳ ላይ ኩንታል የሚሸከም ሰው መከላከያው አንድ ባዶ ጆንያ ነው፤ አንዱን ማዕዘን ወደ ሌላው ከትቶ ቆብ ያደርገዋል፣ የቀረው ከአንገቱ እስከ ወገቡ ይወርዳል። ሁለት ሰዎች ከካሶኒው ጠርዝ 100 ኪሎውን ጀርባው ላይ ያሳርፉለታል፤ እሱ ጎንበስ እንዳለ በሰውና በጋሪ መሀል መንገድ እየለመነ ይሮጣል። ከጉራጌ አገር መጥተው በዚህ ሥራ የጀመሩ፣ ኋላም የመርካቶ ባለሱቅ የሆኑ ብዙዎች ናቸው። የገበያው ሀብት የተገነባው በእነዚህ ትከሻዎች ጭምር መሆኑ በወጉ አልተጻፈም።

ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ1959 ዓ.ም. ባወጣው ምክረ ሐሳብ አንድ ጎልማሳ ወንድ በእጅ የሚያነሣው ሸክም ከ55 ኪሎ እንዳይበልጥ ጠይቋል። ኩንታሉ የዚህ እጥፍ ሊሆን ጥቂት ነው የቀረው። ዛሬ ኮንቴይነር በጅቡቲ ወደብና በሞጆ ደረቅ ወደብ በክሬን ይነሣል፤ መርካቶ ደርሶ ሲከፈት ግን ካርቶኑም ጥቅልሉም አንድ በአንድ በትከሻ ይወርዳል። በጠባቡ መንገድ ክሬን ማስገባት ከባድ ነው። የጆንያን መጠን መቀነስ ግን መንገድ ማስፋት አይጠይቅም። ሲሚንቶና ማዳበሪያ በ50 ኪሎ ከረጢት ሲሸጡ ዓመታት አልፈዋል፤ ገዢውም ሻጩም ለምዶታል። ጤፉና ስንዴው በዚሁ ልክ እንዲቋጠር የእህል ነጋዴዎችና የጫኝና አውራጅ ማኅበራት ተቀምጠው ቢስማሙ፣ ሥራው ከእህል በረንዳ ሊጀመር ይችላል።