ቀኖናን የሚወስነው ማን ነው? የቶልኪን ድርሰትና የቪዲዮ ጨዋታዎች

«ቀኖና» የሚለው ቃል ከግሪክ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው መለኪያ ወይም ደንብ ማለት ነው። በአገራችን ቃሉ የሚታወቀው ከቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ጋር ነው፤ መጽሐፈ ሄኖክ በኢትዮጵያ ከሰማንያ አሐዱ መጻሕፍት እንደ አንዱ ሲቆጠር በሌሎች ዘንድ ግን ከቁጥር ውጭ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። በዘመናችን ይኸው ቃል ወደ ልብ ወለድ ዓለም ተሻግሮአል። አንድ የምናብ ታሪክ ወደ ቪዲዮ ጨዋታ በሚለወጥበት ጊዜ የትኛው ክፍል እንደ እውነተኛ ይያዛል? የትኛውስ ይተዋል? ብዙዎች ሠሪዎቹ የደራሲውን አሳብ መርምረው የሚወስኑ ይመስላቸዋል። እኛ ግን በዚህ አጭር ጽሑፍ የእንግሊዛዊውን ደራሲ የጄ. አር. አር. ቶልኪንን ድርሰት ምሳሌ አድርገን፥ ከአሳብ ምርመራው አስቀድሞ የሽያጭ ውል እንደሚመጣ ለማሳየት እንሞክራለን። ዓመቶቹ ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ደራሲው ራሱ አንድ ቋሚ ቃል እንዳልነበረው ማወቅ ይገባል። «ሆቢት» የተባለው መጽሐፍ በ1937 ሲታተም፥ ጎለም የሚባለው ፍጡር በእንቆቅልሽ ውድድር ቢሸነፍ ቀለበቱን ሊሰጥ በፈቃዱ ቃል ይገባል። በኋላ ግን ይህ ከአዲሱ ድርሰቱ ጋር ስላልተስማማ፥ ቶልኪን ምዕራፉን ለውጦ በ1951 እንደ ገና አሳተመው። በ1954 እና በ1955 በሦስት ጥራዝ በወጣው «የቀለበቶቹ ጌታ» ውስጥም የፊተኛው አነጋገር ቢልቦ የተባለው ባለታሪክ የተናገረው ውሸት እንደ ነበረ አድርጎ አስታረቀው። ስለዚህ ደራሲው በራሱ ድርሰት ላይ ሁለት ምንጮችን እንደሚያስማማ ታሪክ ጸሐፊ ሆኖ ሠርቶአል ማለት ይቻላል።

ወደ ውሉ እንመለስ። ቶልኪን በ1969 የእነዚህን የሁለቱን መጻሕፍት የፊልምና የሸቀጥ መብት ዩናይትድ አርቲስትስ ለተባለ የፊልም ኩባንያ ሸጠ። በዚያን ጊዜ የቪዲዮ ጨዋታ ገና ለገበያ አልቀረበም ነበር። መብቱ በ1976 ወደ ፊልም ሠሪው ወደ ሶል ዜንትዝ፥ በ2022 ደግሞ ኤምብሬሰር ወደተባለው የስዊድን ድርጅት ተላለፈ። የጥንቱን ዘመን ታሪክ የሚተርከው «ሲልማሪሊዮን» ግን ደራሲው በ1973 ከሞተ በኋላ በልጁ በክሪስቶፈር አዘጋጅነት የታተመው በ1977 ነው፤ በሽያጩም ውስጥ አልገባም። እንግዲህ በአንድ ሰው ልብ አንድ ሆኖ የነበረው ዓለም በሕግ ፊት ለሁለት ተከፈለ።

የዚህ መከፈል ውጤት በአንድ ባለታሪክ ላይ ጎልቶ ይታያል። ቶም ቦምባዲል በጫካ ውስጥ የሚኖር፥ ቀለበቱ ምንም የማያደርገው ምስጢራዊ ሰው ነው። በ2001 የወጣው ፊልም ይህን ሰው ትቶታል። በ2002 ሁለት ኩባንያዎች በየፊናቸው ጨዋታ አወጡ፤ ቪቬንዲ በመጽሐፉ፥ ኤሌክትሮኒክ አርትስ ደግሞ በፊልሙ ፈቃድ። በቪቬንዲ ጨዋታ ቦምባዲል አለ፤ በኤሌክትሮኒክ አርትስ ግን የለም። ይኸው ኤሌክትሮኒክ አርትስ በ2005 የመጽሐፉን ፈቃድ ጨምሮ ካገኘ በኋላ፥ በ2006 ባወጣው የጦርነት ጨዋታ ቦምባዲል ብቅ አለ። በዚህ መካከል ቶልኪን ስለ ቦምባዲል የተረከው ታሪክ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ፈቃዱ ብቻ ነው።

ይሁን እንጂ ሁሉን ነገር ውሉ ይወስናል ብንል እንሳሳታለን። ቦምባዲልን ከፊልሙ ያስቀሩት ሰዎች መብቱ በእጃቸው ነበረ፤ የተዉት በምርጫቸው ነው። በሌላ በኩል በ2014 እና በ2017 የወጡትን የሞርዶር ጨዋታዎች እንመልከት። ቀለበቶቹን የሠራው ኬሌብሪምቦር በ«ሲልማሪሊዮን» ውስጥ በሰፊው ይነገርለታል፤ ነገር ግን ስሙ በተሸጠው መጽሐፍም ስለሚገኝ ሠሪዎቹ እርሱን ዋና ባለታሪክ አድርገው ቀሪውን ከራሳቸው ፈጠሩለት። ኢሲልዱርም በመጽሐፉ በወንዝ ውስጥ በቀስት ተመትቶ የሞተ ሲሆን፥ በ2017ቱ ጨዋታ የጠላት ባሪያ ሆኖ ይገኛል። እንግዲህ ውሉ ምን መንካት እንደሚቻል ይናገራል እንጂ እንዴት መያዝ እንደሚገባ አይናገርም። ስለዚህ ደራሲው የጻፈውን፥ ሕግ የፈቀደውንና ሠሪው የመረጠውን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል።

ይህ ነገር የጨዋታ ወሬ ብቻ ነው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። እኛም ታሪኩን አስቀድመን ያወቅነው በጨዋታው ነበር፤ መጽሐፉ በእጃችን እስኪገባ ድረስም ኢሲልዱርን ከጠላት ወገን እንቆጥረው ነበር። በጨዋታው ያልተነገረውንም ከነጭራሹ እንደሌለ አድርገን አስበን ነበር። ታሪክን የሚያጠና ተማሪ ከዚህ የሚያገኘው ትምህርት አለ፤ አንድ ተራኪ ዝም ባለበት ስፍራ ነገሩ አልነበረም ከማለታችን በፊት፥ ለመናገር ፈቃድ ነበረውን ብለን መጠየቅ ይገባናል።

በ1982 በአውስትራሊያ የተሠራው «ሆቢት» የተባለው የኮምፒዩተር ጨዋታ ከመጽሐፉ ቅጂ ጋር በአንድነት ይሸጥ ነበር። ተጫዋቹ የተጠራጠረውን ነገር ወዲያው ከምንጩ ለማመሳከር ይችል ነበር ማለት ነው። ከላይ ያየነውን ለመለየት እንደዚህ ያለ ቀላል መንገድ አላገኘንም፤ ጨዋታውን የያዘ ሰው መጽሐፉንም ፈልጎ ያንብብ።