ካርታው ግቢውን እንጂ ሰፈሩን አያሳይም

አዲስ አበባ ዳር፣ አያት ወይም ቱሉ ዲምቱ አካባቢ፣ ቤት ሲሸጥ ደላላው አስቀድሞ የሚያወጣው ካርታውን ነው። ካርታው የቦታውን ስፋት፣ አዋሳኞቹንና የባለይዞታውን ስም ይናገራል። ዳቦ ቤቱ ስንት ደቂቃ እንደሚያስኬድ፣ ሌሊት ምጥ ቢመጣ የት እንደሚኬድ፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ ታክሲ መኖር አለመኖሩን ግን አይናገርም። መሀል ከተማ የኖረ ሰው እነዚህን ጥያቄዎች ጠይቆ ስለማያውቅ፣ ቤት ሲገዛም አይጠይቃቸውም።

ሕጋችንም ለረዥም ዘመን ከካርታው እምብዛም አይሻልም ነበር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1225 ባለሀብት ጎረቤቱን በጭስ፣ በጥቀርሻ፣ በመጥፎ ሽታና በጩኸት ከመጠን በላይ እንዳያውክ ይከለክላል። ጎረቤት በዚህ ድንጋጌ የሚታወቀው እንግዲህ እንደ አዋኪ ወይም እንደ ታዋኪ ነው። ልጅ ለሚጠብቀው፣ ስኳር ለሚያበድረው ጎረቤት አንቀጽ የለውም። (ይጻፍለት ማለቴ አይደለም፤ ስኳር ማበደር ግዴታ ከሆነ ማን ያበድራል?)

ጉዳዩ የሚከብደው ሰው ወዶ ሳይሆን ተነስቶ ወደ ዳር ሲሄድ ነው። አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ካደረገ ወዲህ፣ በነባሮቹ ሰፈሮች የሚኖረው ብዙ ሰው የቀበሌ ቤት ተከራይ ሆኖ ቆይቷል። ይህ ሰው የሚገመትለት ግድግዳ የለውም። የነበረው ሀብት ሰፈሩ ነበር፦ በእግር የሚደረስ ገበያ፣ በረንዳ ላይ እንጀራ ሸጦ ለማደር የሚበቃ ደንበኛ፣ ዱቤ የሚሰጥ ባለሱቅ፣ ዕድር። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ፣ በ2017 መጀመሪያ ደግሞ የካዛንቺስ ነባር ቤቶች ሲፈርሱ ብዙዎች የተሻለ ጣሪያ አግኝተው ይሆናል። ደንበኛው ግን አብሮ አልተጫነም።

የካሣ ሕጉ ይህን የተገነዘበው ዘግይቶ ነው። አዋጅ ቁጥር 455/1997 በዋናነት በመሬቱ ላይ ያለውን ንብረት መተኪያ ዋጋ ያሰላ ነበር። እሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ግን ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥና ለሥነ ልቦና ጉዳት የሚከፈል ካሣ የሚል አሳብ አስገባ። ሰፈር ዋጋ እንዳለው በሕግ መታወቁ ትልቅ ነገር ነው እላለሁ። ለአንዴ የሚከፈል ገንዘብ በየቀኑ እንጀራ የሚገዛ ደንበኛን እንዴት እንደሚተካ ግን አይገባኝም።

ወዶ ለሚገዛው አንባቢ ደግሞ አንድ የሕግ ነጥብ ላክል። አልሚዎች በማስታወቂያቸው ላይ ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክና የልጆች መጫወቻ ይሥላሉ። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2005 መሠረት ግን የጽሑፍ ውል በፈራሚዎቹ መካከል ለያዘው ስምምነት ሙሉ ማስረጃ ነው። በውሉ ያልገባ ክሊኒክ ኋላ በምስክር ቆሞ አይታከምበትም። ስለዚህ ሥዕሉ ላይ ያለው ሁሉ ከነማስረከቢያ ጊዜው በውሉ እንዲጻፍ ይጠይቁ፤ እምቢ ከተባሉ ቤቱን ያለ ክሊኒኩ ገምተው ዋጋ ይቁረጡ። በሥራ ቀን ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከመሥሪያ ቤትዎ ተነስተው በታክሲ ወደዚያ ይሂዱ። እግረ መንገድዎንም የአካባቢው ዕድር አዲስ ገቢ ስንት እንደሚያስከፍል ይጠይቁ፤ ዕድር ገና ያልተቋቋመበት መንደር ከሆነም ከመፈረምዎ በፊት ቢያውቁት ይሻላል።