ስንት ተተከለ? ስንት ጸደቀ?

ላሊበላ ላደገ ልጅ «ሃይላንድ» ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ ነው፤ ውስጡ የነበረው ውሃ ስሙ ምንም ይሁን ምን። ቱሪስት ባየን ቁጥር «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» እያልን የምንሮጠው ለሱ ነበር። ጋዝ ይያዝበታል፣ ዘይት ይያዝበታል፣ ትምህርት ቤትም ውሃ ይዘንበት እንሄዳለን። በ2000 ዓ.ም. ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ ደግሞ ሌላ ሥራ አገኘንለት። መምህራችን ክዳኑን በጋለ ሚስማር በሳሳውና የችግኝ ማጠጫ ሆነ።

ከክፍሎቹ ጀርባ ትንሽ የአትክልት ቦታ ነበረን። ለአራት ተማሪ አንድ መደብ፤ ጎመን፣ ሽንኩርት፣ ቀይ ሥር። በአጥሩ ጥግ ደግሞ ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ ችግኝ ደረሰን፤ የኔ ወይራ ነበር። ዘመኑ የሚሊኒየሙ ነውና «ሁለት ዛፍ ለ2000» እየተባለ ከከተማው በላይ ወዳለ ኮረብታም ወጥተን ተክለናል። ዘፈንን፣ ፎቶ ተነሳን፣ ብስኩት ተሰጠንና ወረድን። በዓመቱ ፍየል ተከትዬ ስወጣ ኮረብታው ላይ የቀረው ጉድጓዱና ችግኙ የመጣበት ጥቁር ላስቲክ ብቻ ነበር። አጥሩ ጥግ ያሉት ግን አብዛኞቹ ቆመዋል።

ይህን ልዩነት ለዓመታት አላሰብኩበትም። አሁን አዲስ አበባ ሶፍትዌር እየሠራሁ ነው የምኖረው። በኛ ሙያ አዲስ ሲስተም ሲጀመር ኬክ ይቆረሳል፣ ኃላፊዎች ንግግር ያደርጋሉ። ከዚያ በኋላ ለአምስት ዓመት ሌሊት እየተነሳ የሚጠግነው ልጅ ግን ፎቶው ውስጥ የለም። ሲስተሙ የሚሞተውም አብዛኛውን ጊዜ የሚጠግነው ሲያጣ ነው። የላስታን ዛፍና የትምህርት ቤት አትክልት ታሪክ ማንበብ ስጀምር ያገኘሁት ያንኑ ነው።

የማን ዛፍ?

ላስታ ውስጥ ያረጀ ዛፍ ማየት የፈለገ ቤተ ክርስቲያን ይሂድ። ከላሊበላ ሰሜን ምሥራቅ፣ ከንጉሥ ላሊበላ በፊት እንደነገሠ በሚነገርለት በይምርሐነ ክርስቶስ ስም የሚጠራው ቤተ ክርስቲያን ዋሻ ውስጥ ተሠርቶ ይገኛል፤ ዙሪያውን የጥድ ደን ከቦታል። ከደኑ ወጥታችሁ ጥቂት ስትሄዱ ተራራው ራቁቱን ነው። መሬቱ ያው የላስታ መሬት፣ ዝናቡም ያው ዝናብ ነው። የሚለየው ደኑ ባለቤት ያለው መሆኑ ነው። ግዝት አለበት፣ ጠባቂ አለው፣ ማን እንደቆረጠ ይታወቃል።

ግዝት ብቻውን ግን አይበቃም። የደቡብ ጎንደርን የቤተ ክርስቲያን ደኖች ለዓመታት ያጠናው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ያሳየው አንድ ቀላል ነገር አለ። ከብት የሚገባበት ደን ትልልቅ ዛፎቹ ቆመው እንኳ ልጅ አይተካም፤ የበቀለው ሁሉ ይረገጣል፣ ይበላል። ለዚህ ነው አንዳንድ አጥቢያዎች በደናቸው ዙሪያ የድንጋይ ካብ የካቡት። አንድ ዛፍ እንዲያረጅ ባለቤትም አጥርም ያስፈልገዋል ማለት ነው።

ባሕር ዛፍን ተመልከቱ። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ለአዲስ አበባ ማገዶ ተብሎ ከውጭ የመጣ ዛፍ ዛሬ የላስታ ገበሬ ጓሮ ድረስ ዘልቋል።  ፍየል አይበላውም፣ ገበሬው ደግሞ ቆርጦ ይሸጠዋል። ውሃ ይመጣል፣ መሬት ያደርቃል ብሎ የሚከሰው ብዙ ነው፤ ክሱም እውነት አለው። ነገር ግን ሳይንከባከቡት የቀሩ አገር በቀል ችግኞች ሲሞቱ እሱ የቆመው ባለቤት ስላለው ጭምር ነው።

ብዕርና ዶማ

ታዲያ ትምህርት ቤት ከዚህ ምን አገናኘው? የገጠር ወላጅ ልጁን ትምህርት ቤት የሚልከው ከሞፈር እንዲገላገል ነው። ያች ተስፋ በአገራችን ታሪክ ውስጥ አንድ ትልቅ ግጭት ፈጥራለች። በ1964 ዓ.ም. በመንግሥት ትእዛዝ «ሴክተር ሪቪው» የሚባል ሰፊ የትምህርት ጥናት ተካሄደ። ጥናቱ ለብዙኃኑ ልጅ ከገጠር ኑሮ ጋር የተያያዘ የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት እንዲሰጥ ሐሳብ አቀረበ። በወረቀት ላይ መጥፎ አይመስልም። ወላጁና መምህሩ የሰሙት ግን ሌላ ነው፦ የድሃ ልጅ አራት ዓመት ተምሮ ወደ እርሻው ይመለስ፣ የሀብታም ልጅ ዩኒቨርሲቲ ይግባ። በየካቲት 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ ሲያቆሙ ከጥያቄዎቻቸው አንዱ ይህ ነበር። ጥናቱ ሳይተገበር ቀረ፤ ንጉሠ ነገሥቱም በመስከረም 1967 ዓ.ም. ከዙፋን ወረዱ።

የደርግ መንግሥት ደግሞ «ትምህርት ለምርት» አለ። እርሻና እጅ ሥራ ወደ መማሪያ ክፍል ገቡ፣ ትምህርት ቤቶችም መሬት ያዙ። ሐሳቡ ጥሩ ሆኖ ሳለ ብዙ ቦታ ላይ ዶማ የቅጣት መሣሪያ ሆነ። በኔ ጊዜ ራሱ ያ ልማድ አልጠፋም ነበር፤ አርፍዶ የመጣ ተማሪ ይኮተኩታል፣ የረበሸ ጉድጓድ ይቆፍራል። ልጅ አትክልትን ከቅጣት ጋር ካዛመደ በኋላ «አካባቢህን ውደድ» ብትለው አይሰማህም።

ሸክሙም እኩል አልነበረም። ጀሪካን ተሸክመው ከቦኖ ውሃ የሚያመጡት ሴቶቹ ነበሩ፤ እኛ ወንዶቹ በሃይላንድ እያርከፈከፍን እንጫወታለን። ቤታቸው ውሃ ቀድተው የመጡ ልጆች ትምህርት ቤትም ደገሙት። ያኔ ማናችንም ልብ አላልንም።

ከረሃቡ በኋላ

ወሎ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ተራበ፤ በ1977 ዓ.ም. ደግሞ ከዚያ የባሰ መጣ። ላስታ ሁለቱንም ጊዜ ከተጎዱት አንዱ ነው። የኔ ትውልድ ሰባ ሰባትን የሚያውቀው ከአያቶቹ ዝምታ ነው። አያቴ የወደቀ እህል አንስታ ስማ ወደ ቁናው ትመልስ ነበር፤ ለምን እንደሆነ ጠይቄያት ግን አላውቅም።

ድርቁን ረሃብ ያደረገው ዝናብ ማጣት ብቻ አልነበረም፤ ጦርነትም ፖሊሲም ነበረበት። ያም ሆኖ መሬቱ መራቆቱን ሁሉም ያየዋል። በምግብ ለሥራ መርሐ ግብር ገበሬው ስንዴና ዘይት እየተሰፈረለት እርከን ሠራ፣ ችግኝ ተከለ፤ ተራራዎች ከከብት ተከለሉ። ተማሪውም ችግኝ ተሸክሞ ወጣ።

ከዚያ 1983 ዓ.ም. መጣ። መንግሥት ሲወድቅ፣ አዲሱ ሳይደላደል፣ በዘመቻ ከተተከለው ደን ብዙው በየቦታው ተቆረጠ። ሕዝቡ ዛፍ ስለሚጠላ አይደለም። ያው ሕዝብ በዚያው ሰሞን የቤተ ክርስቲያኑን ጥድ አልነካም። የተቆረጠው የመንግሥት ዛፍ ነበር፤ መንግሥት ሲሄድ ባለቤት አልነበረውም።

የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ከመጣ በኋላ ለታችኛው ክፍል አካባቢ ሳይንስ የሚባል ትምህርት ተሰጠ። እኔም የተማርኩት እሱን ነው። «የአፈር መሸርሸር ማለት…» ብለን ትርጉሙን በቃላችን እንይዝ ነበር። በመስኮቱ ብናይ ኖሮ ጎርፉ የኮረብታውን አፈር ይዞ ወደ ተከዜ ሲወርድ እናገኘው ነበር። ተከዜ ከላስታ ተራሮች ተነስቶ፣ ሱዳን ሲገባ አትባራ ከሚባለው ወንዝ ጋር ሆኖ ዓባይን ያገኛል። ፈተና ላይ ትርጉሙ እንጂ ጎርፉ አልመጣም።

የካላንደር ነገር

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ እንደተተከለ መንግሥት አስታወቀ። ዓለም ተነጋገረበት። እኔ ግን ቀኑን አየሁና አንድ ነገር ገረመኝ፤ ሐምሌ ላይ ትምህርት ቤት ዝግ ነው።

የተከላ ጊዜ ክረምት መሆኑ ትክክል ነው፤ ሌላ ምርጫ የለም። ችግኝ የሚሞተው ግን ክረምት ላይ አይደለም። ዝናቡ መስከረም ላይ ይቆማል። ከጥቅምት በኋላ መሬቱ መሰነጣጠቅ ይጀምራል፣ አዝመራው ሲሰበሰብ ከብቱ በየማሳው ይለቀቃል። የበልግ ዝናብ ቢመጣ መጣ፣ ባይመጣ ቀረ። የችግኝ ዕጣ የሚወሰነው ከኅዳር እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ነው። እነዚህ ወራት ደግሞ ልጆች በየቀኑ ትምህርት ቤት የሚገኙባቸው ናቸው። ዘመቻ የሚያልቅበት ላይ የትምህርት ዘመን ይጀምራል።

የኔ ወይራ የተረፈው በዚህ ምክንያት ነው። እኔ ጎበዝ ስለሆንኩ አልነበረም፤ ጠዋት ሰልፍ ስንወጣ በአጠገቧ ስለማልፍና ብትደርቅ ስለማፍር ነው። አጥር ነበረ፣ ባለቤት ነበረ፣ የሚያይ ዓይን ነበረ። ቤተ ክርስቲያኑ በግዝት ያገኘውን ትምህርት ቤታችን በሃይላንድ አገኘው።

ይህ የኛ ብቻ ግኝት አይደለም። ዋንጋሪ ማታይ እ.ኤ.አ. በ1977 ኬንያ ውስጥ የአረንጓዴ ቀበቶ ንቅናቄን ስትጀምር የገጠር ሴቶችን አሰባሰበች። ለሴቶቹ ትንሽ ክፍያ የሚሰጣቸው ለጸደቀው ችግኝ ነበር። እሷ የኖቤል ሽልማት ያገኘችው በ2004 ነው፤ እኛ በዚያ ሁሉ ዓመት ስንቆጥር የኖርነው የተተከለውን ነው።

አሁን

በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ላሊበላ ገባ። ከተማዋ እስከ ታኅሣሥ 2014 ድረስ እጅ ስትቀያየር ቆየች። ሰው ገና ቀና ሳይል በ2015 ክረምት ሌላ ግጭት ጀመረ። በአማራ ክልል በሺዎች የሚቆጠሩ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፣ ሚሊዮኖች ልጆች ከትምህርት ውጭ ሆኑ። ስለ አትክልት ሳወራ ይህን ዘልዬ ባልፍ ውሸት ይሆንብኛል። የሚያጠጣው ልጅ በሌለበት መደብ ምንድን ነው?

የዱሮ ክፍል ጓደኛዬ አሁን አስተማሪ ነው። ባለፈው በስልክ ሳገኘው መጀመሪያ ስለ ቤተሰቡ፣ ቀጥሎ ስለ ትምህርት ቤቱ ጠየቅኩት። ክፍሎቹ አንዳንድ ቀን ይከፈታሉ፣ አንዳንድ ቀን አይከፈቱም አለኝ። አጥሩ ለማገዶ ሄዷል። መደቦቹን ፍየል ረግጧቸዋል።

«ዛፎቹስ?» አልኩት።

«ቆይ፣ ቆጥሬ እነግርሃለሁ» አለኝ።

በማግስቱ ኔትወርክ ሲያገኝ ደወለ። ከኛ ክፍል ችግኞች አሥራ አንዱ አሉ። የኔ ወይራ ትኑር አትኑር አላወቀም፤ ስም የለባቸውም። አጠገባቸው ያሉ የጎረቤት ልጆች አሥራ አንዱንም እንደማያስነኩ ግን ነገረኝ፤ የሚጫወቱት ጥላቸው ሥር ነው።

ትምህርት ቤቱ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት አንድ ነገር እንዲያደርግልኝ ለመንኩት። የችግኝ መዝገቡ ላይ «የተተከለ» ከሚለው ዓምድ አጠገብ «የጸደቀ» የሚል ይጨምር፤ በየዓመቱ ግንቦት ላይ ልጆቹ ራሳቸው ቆጥረው ይሙሉት። እሺ አለኝ። «የመጀመሪያውን መስመር ግን አሁኑኑ ጽፌዋለሁ፤ አሥራ አንድ» አለ።