የዕለት ተዕለት ስሜት ጥናት

የዕለት ተዕለት ስሜት ጥናት ሰዎች በተራ ቀን ውሏቸው፣ በሥራ ቦታ፣ በመንገድ፣ በቤት ውስጥ ጣጣና በወዳጅ ጨዋታ መካከል፣ ምን እንደሚሰማቸው፣ ስሜቱም በምን ተነሥቶ በምን ያህል ጊዜ እንደሚበርድ የሚመረምር የሥነ ልቦና ዘርፍ ነው። ከላቦራቶሪ ጥናት የሚለየው ስሜትን እዚያው በተፈጠረበት ቦታ ለመያዝ በመሞከሩ ነው። አስፈሪ ፊልም አሳይቶ የልብ ምት ከመቁጠር ይልቅ ተሳታፊውን ታክሲ ሲጠብቅ ወይም ከአለቃው ጋር ተጨቃጭቆ ሲወጣ «አሁን ምን ይሰማሃል?» ብሎ ይጠይቃል። (በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

የጭንቀት ተመራማሪዎች ለረጅም ጊዜ ያተኮሩት በሕይወት ታላላቅ ክስተቶች ላይ ነበር። በ1967 ቶማስ ሆምዝና ሪቻርድ ሬ የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ አእምሮ ሐኪሞች 43 ክስተቶችን ዘርዝረው ለእያንዳንዱ የክብደት ነጥብ ሰጡ። የትዳር ጓደኛ ሞት 100፣ ፍቺ 73፣ ጋብቻ 50 አገኙ። ጋብቻ ከጭንቀት ተርታ መሰለፉ ብዙ አንባቢን ቢያስገርምም ሠርግ ደግሶ የሚያውቅ ሰው ግን አይከራከርበትም። ዝርዝሩ እጅግ ዝነኛ ሆነ፤ ነገር ግን ሰው በየዓመቱ አይፈታም፣ በየዓመቱም ሐዘን አይቀመጥም። የተረፉት ቀናት ሁሉ ከስሌቱ ውጭ ነበሩ።

ይህን ክፍተት በቀጥታ የነካው የሪቻርድ ላዛረስ ቡድን ነው። አለን ካነር፣ ላዛረስና ባልደረቦቻቸው በ1981 ባሳተሙት ጥናት 117 ጥቃቅን ብስጭቶችንና 135 ጥቃቅን ደስታዎችን የያዙ ሁለት መጠይቆች አዘጋጅተው በመካከለኛ ዕድሜ ላይ ያሉ 100 ሰዎችን ለ10 ወራት ተከታተሉ። ከብስጭቶቹ መካከል የዕቃ ዋጋ መናር፣ የቤት ጥገና፣ ዕቃ መጥፋትና የሰውነት ክብደት ይገኙበታል። ከደስታዎቹ ደግሞ ከትዳር ጓደኛና ከወዳጅ ጋር መስማማት፣ የጀመሩትን ሥራ መጨረስ። የጥቃቅኖቹ ድምር የሥነ ልቦና ሕመም ምልክቶችን ከታላላቆቹ ክስተቶች በተሻለ አመለከተ። ትችት ለመምጣት አልዘገየም። በ1984 ባርባራ ዶረንዌንድና ባልደረቦቻቸው ከመጠይቁ ጥያቄዎች ብዙዎቹ ራሳቸው የሕመም ምልክት እንደሚመስሉ አሳዩ። ቀድሞውንም የተጨነቀ ሰው ሁሉም ነገር ያበሳጨዋል፤ ታዲያ መንሥኤውና ውጤቱ በምን ይለያሉ? ወር ሲያልቅ በሚሞላ መጠይቅ ለዚህ ጥያቄ መልስ ማግኘት የሚቻል አልነበረም።

መላው ግን ከትችቱ ቀደም ብሎ ተገኝቶ ነበር፤ የመጣውም ሞባይል ከመስፋፋቱ በፊት ሐኪሞች ወገባቸው ላይ ያንጠለጥሉት ከነበረው ፔጀር ነው። በ1970ዎቹ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሚሃይ ቺክሰንትሚሃይ፣ ሪድ ላርሰንና ባልደረቦቻቸው ለተሳታፊዎች ፔጀርና አንድ ጥራዝ ቅጽ አስይዘው ለአንድ ሳምንት ያህል አሰናበቷቸው። መሣሪያው ከጠዋት እስከ ማታ ባልታወቀ ሰዓት ይጮኻል። በጮኸ ቁጥር ተሳታፊው ያለበትን ቦታ፣ የሚሠራውን፣ አብሮት ያለውን ሰውና የሚያስበውን ይጽፋል፤ ከዚያም ከሐዘን እስከ ደስታ፣ ከድብታ እስከ ንቃት በተዘረጉ ባለ ሰባት ደረጃ መስመሮች ላይ ምልክት ያደርጋል። 75 አዳጊዎችን ከ107 አዋቂዎች ጋር ባነጻጸረው የ1980 ጥናታቸው የአዳጊዎቹ ስሜት በሰፊውና በፍጥነት ሲወጣና ሲወርድ ተገኘ። ይህ ለማንም ወላጅ አዲስ ዜና አይደለም። አዲሱ ነገር ስሜታቸው የሚዋዥቅ አዳጊዎች ከሌሎቹ የባሰ ችግር ያለባቸው ሆነው አለመገኘታቸው ነው።

ከፔጀር ይልቅ ርካሽ የሆነው መንገድ የወረቀት ማስታወሻ ነበር፤ ብዙ ተመራማሪዎችም የመረጡት ይህንኑ ነው። በ2002 አርተር ስቶንና ባልደረቦቻቸው ያሳተሙት ሙከራ ግን መንገዱን ክፉኛ አሳማው። 80 የቆየ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ለሁለት ከፍለው ግማሾቹን በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ፣ ግማሾቹን በወረቀት በቀን ሦስት ጊዜ፣ ማለትም ጠዋት 4 ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓትና ማታ 2 ሰዓት ላይ፣ ሕመማቸውን እንዲመዘግቡ አደረጉ። በወረቀቱ ማቀፊያ ውስጥ መከፈትና መዘጋቱን የሚመዘግብ የብርሃን መለኪያ ተደብቆ ነበር። በወረቀቱ ላይ በተጻፈው ሰዓትና ቀን መሠረት 90 በመቶ የሚሆነው ቅጽ በጊዜው ተሞልቷል። መለኪያው ያሳየው 11 በመቶ ብቻ ነው። ማቀፊያው ጭራሽ ሳይከፈት የዋለባቸው ቀናት ቅጾች ሳይቀሩ ተሟልተው ተገኙ። ሰዎቹ ለመዋሸት ያሰቡ አይመስልም፤ እንደ ተማሪ የቤት ሥራ አከማችተው በአንድ ቁጭታ ጨረሱት እንጂ። ከዚያ ወዲህ የተሞላበትን ሰዓት ራሱ የሚመዘግብ መሣሪያ፣ ኋላም ስማርት ስልክ፣ የዘርፉ መደበኛ መሣሪያ ሆነ።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የሚያስፈልግበት ምክንያት አለ። ሰው ስለ ራሱ ስሜት በጥቅሉ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስና በቅጽበቱ የሚሰጠው መልስ ሁልጊዜ አይገጥሙም። ለዚህ ጥሩው ማሳያ የሊሳ ፌልድማን ባሬትና የባልደረቦቻቸው የ1998 ጥናት ነው። «በአጠቃላይ ምን ያህል ስሜታዊ ነሽ?» ተብለው ሲጠየቁ ሴቶች ራሳቸውን ከወንዶች የበለጠ ስሜታዊ አድርገው ገለጹ። ከሰዎች ጋር በተገናኙ ቁጥር ወዲያው በመዘገቡት ላይ ግን ልዩነቱ አልታየም። ጥቅሉ ጥያቄ የሚቀሰቅሰው ትዝታን ብቻ አይደለም፤ ስለ ሴትና ወንድ ከልጅነት ጀምሮ የተሰማውንም ጭምር ነው።

ዳንኤል ካህነማን፣ አለን ክሩገርና ባልደረቦቻቸው በ2004 መካከለኛ መንገድ አቀረቡ። ተሳታፊው ትናንትን እንደ ፊልም ትዕይንት ከፋፍሎ ለእያንዳንዱ ክፍል ስሜቱን እንዲመዝን ይጠየቃል። በቴክሳስ 909 ሠራተኛ ሴቶች ላይ ሲሞከር ከፍተኛውን ደስታ የሰጡት የፍቅር ግንኙነትና ከሥራ በኋላ ከሰው ጋር መጫወት ሲሆኑ፣ ከሥር የቀረው ወደ ሥራ መጓዝ ነው። ልጅ መንከባከብ ቴሌቪዥን ከማየት በታች መገኘቱ ብዙ አነጋገረ፤ ሆኖም ጥናቱ የመዘነው የሰዓቱን ስሜት እንጂ የልጅን ዋጋ አይደለም። የእንቅልፍ ጥራት ከገቢ መጠን ይልቅ ከቀኑ ስሜት ጋር በጠነከረ ሁኔታ መያያዙም ከውጤቶቹ አንዱ ነው።

ለመሆኑ ተራውን ቀን የሚያበላሸው ምንድን ነው? ኒያል ቦልገር፣ አኒታ ደሎንጊስና ባልደረቦቻቸው በ1989 ባሳተሙት ጥናት 166 ባልና ሚስት ለ6 ሳምንታት በየቀኑ ውሏቸውን መዘገቡ። የዕለቱ ጫናዎች ከስሜት መለዋወጥ እስከ 20 በመቶ የሚሆነውን አብራሩ። ከሁሉም እጅግ የከፋው ከሰው ጋር መጣላት ሆኖ ተገኘ። የሥራ ብዛትም ሆነ ሌላው ጫና በተከታታይ ቀናት ሲመጣ ሰው በሁለተኛው ቀን ይለምደዋል፤ ጠብ ግን አይለመድም። ሌላም ያልተጠበቀ ነገር ታየ። ጫና በነበረበት ቀን ማግስት የሰዎቹ ስሜት ጫናው ባይኖር ኖሮ ከሚሆነው የተሻለ ነበር። የእፎይታን ጣዕም የሚያውቀው የተጨነቀ ሰው ነውና ይህ ያን ያህል እንግዳ ላይሆን ይችላል።

ከክስተቱ ይልቅ ምላሹን መለካት የተጀመረውም ከዚህ ነው። የአንድ ሰው ስሜት ጫና ባለበትና በሌለበት ቀን ምን ያህል እንደሚራራቅ ከታወቀ የግል ምላሹ መጠን ይገኛል። በዴቪድ አልሜዳ የሚመራው የአሜሪካ ብሔራዊ የዕለት ገጠመኝ ጥናት ተሳታፊዎችን ለ8 ተከታታይ ምሽቶች በስልክ ይጠይቅ ነበር። ሱዛን ቻርልስና ባልደረቦቻቸው በ2013 ከእነዚሁ መካከል 711 ሰዎችን ከ10 ዓመት በኋላ አይተው፣ ቀድሞ ለጥቃቅን ጫናዎች ስሜታቸው በብርቱ የተረበሸባቸው በኋላ ለጭንቀትና ለድብርት ሕመም ይበልጥ የተጋለጡ ሆነው አገኟቸው። የጥናቱ ዓይነት አንዱ ሌላውን ማስከተሉን አያረጋግጥም፤ ቢሆንም ከ8 ምሽት የስልክ ጨዋታ እስከ 10 ዓመት የሚደርስ ፍንጭ መገኘቱ ቀላል ነገር አይደለም።

ድብርት ያለባቸው ሰዎች ግን ግምቱን አወኩት። ምንም ነገር አያስደስታቸውም ተብሎ ሲታሰብ፣ በኔዘርላንድስ ፍሬንክ ፔተርስና ባልደረቦቻቸው በ2003 ያሳተሙት ጥናት ለበጎ ገጠመኝ ከጤነኞቹ ይልቅ ጎላ ያለ መሻሻል እንደሚያሳዩ፣ ለመጥፎው ደግሞ ምላሻቸው ደብዘዝ ያለ እንደሆነ አመለከተ። ትንሽ መልካም ነገር የከበደ ቀንን ይበልጥ እንደምታቀል ኋላም በሌሎች ጥናቶች ታይቷል። በአንጻሩ በቤልጂየም የሚሠሩት ፒተር ኩፐንስ የድብርት አንዱ መለያ ስሜት ከአንዱ ሰዓት ወደ ሌላው ሳይለወጥ መጎተቱ እንደሆነ በ2010 አሳይተዋል።

ዕድሜም ድርሻ አለው። ሎራ ካርስተንሰንና ባልደረቦቻቸው በ2000 ባወጡት ጥናት ከ18 እስከ 94 ዓመት የሆናቸው 184 ሰዎች ለአንድ ሳምንት በፔጀር ሲጠየቁ፣ መጥፎ ስሜት እስከ 60 ዓመት ገደማ እያነሰ ሄዶ ተገኘ። በሽማግሌዎች ዘንድ ቅያሜው ቶሎ ሲበርድ ደስታው ይቆያል።

የስማርት ስልክ ዘመን የናሙናውን ቁጥር አሳድጎታል። በ2010 ማቲው ኪሊንግስዎርዝና ዳንኤል ጊልበርት ከ2,250 ሰዎች በሰበሰቡት መረጃ አእምሮ 46.9 በመቶ በሚሆነው ጊዜ ከያዘው ሥራ ውጭ ሲባዝን፣ በባዘነባቸውም ጊዜያት ደስታ ሲቀንስ አይተዋል። ጥያቄው የሚደርሰው ግን አይፎን ለያዘ ሰው ነበር። የዘርፉ ትልቁ ድክመትም እዚህ ላይ ነው፤ ተሳታፊዎቹ በአብዛኛው ሰሜን አሜሪካውያንና አውሮፓውያን፣ ያውም ብዙ ጊዜ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው። መንደሩ ሁሉ በሚያዝንበትና በሚደሰትበት ማኅበረሰብ ውስጥ ስሜት የግለሰብ ቅጽ ላይ ብቻ ይሰፍራል ወይ የሚለው ጥያቄ ገና በበቂ አልተፈተሸም።

ሌላው ጥያቄ የመጣው ከዘርፉ ውስጥ ነው። ተመራማሪዎች የስሜትን መዋዠቅ፣ መጎተትና መደበላለቅ የሚለኩ ብዙ ቀመሮችን ሲፈለስፉ ቆይተዋል። በ2019 ኤጎን ደዮንክሄረና ባልደረቦቻቸው በርካታ ጥናቶችን አንድ ላይ አድርገው ሲመረምሩ፣ አማካዩ ስሜትና የመዋዠቁ ስፋት ከታወቁ በኋላ የተቀሩት ቀመሮች ስለ ሰውየው የኑሮ እርካታና የአእምሮ ጤና የሚጨምሩት ነገር እጅግ ጥቂት ሆኖ ተገኝቷል።